በኩባያ የተጠጣ አውሮፕላን

የአርብ ገበያ ከተማ ሰው ኢዮብን የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሥራው ነው። የታች ጋይንትን ላሞች የሚያዳቅል ባለሙያ እሱ ነው፤ የምርጥ ኮርማ ዘር ከበረዶ በባሰ ቅዝቃዜ የሚቀመጥበትን ታንክ ሞተር ሳይክሉ ላይ አስሮ፣ ላም ኮርማ ፈለገች በተባለበት ቀበሌ ሁሉ ይደርሳል። ሁለተኛው አመሉ ነው። ኢዮብ አውሮፕላን ይሰበስባል።

አውሮፕላን ስል አትደንግጡ። ብትንትኑ ወጥቶ በካርቶን የሚመጣ፣ በሙጫ የሚገጣጠም፣ ሲያልቅ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ የፕላስቲክ አውሮፕላን ነው። ይህ አመል የያዘው ደብረ ዘይት ሲማር ነው። ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምናውም የአየር ኃይሉም ከተማ ነውና፣ ሌላው ተማሪ ወደ ላሟ ሲያጎነብስ ኢዮብ ወደ ሰማይ ያንጋጥጥ ነበር። አንድ ቀን አዲስ አበባ መንገድ ዳር አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ክዳኑ የተቀደደ ካርቶን ገዛ፤ ውስጡ አንድ ክንፍ የጎደለው ጄት ነበረ። የጎደለውን ክንፍ ከጀሪካን ቆርጦ ሠራለት። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው!

መሣሪያውን ሁሉ ያገኘው ከሙያው ነው። ሙጫውን በመርፌ ያንጠባጥባል፣ ደቃቃውን ዕቃ በሕክምና መቆንጠጫ ይይዛል፣ የኮርማ ዘር የሚመጣበትን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ሻማ ላይ አሙቆ ሲስበው ፀጉር የሚያክል አንቴና ይወጣዋል። አንዲት ሄሊኮፕተር አለችው፤ የጭስ ማውጫዎቿ በሙሉ ሆልስታይን የሚባለው የፈረንጅ ኮርማ ዘር የመጣባቸው ቱቦዎች ናቸው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው እሷን ነው፣ እንግዳው ምን እንደሚል ግራ ይገባዋል።

ሚስቱ አዲስዓለም የቤተ ልሔሙ የድጓ መምህር የመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ልጅ ናት። በቤታቸው የፊት ክፍል የስፌት መኪና አላት፣ የቀሚስ ጥልፍም ትጠልፋለች። ለአውሮፕላኖቹ ክፉ አልነበረችም። አቧራቸውን በዶሮ ላባ ታራግፍላቸዋለች። «ይቺ ስንት ሰው ትይዛለች? ያቺኛዋስ ስትገለበጥ ለምን አትወድቅም? ያ የአፍንጫዋ ላይ ሹል ነገር ምን ያደርግላታል?» እያለች ትጠይቀዋለች። ያደገችው ተማሪ ቀኑን ሙሉ ሲጠይቅና ሲጠየቅ በሚውልበት ግቢ ነውና መጠየቅ አይሰለቻትም። ኢዮብም ለአውሮፕላን ጥያቄ መልስ አያጣም። መልስ የሚያጣው ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

ልጅ አልወለዱም። አዲስዓለም «ሆስፒታል እንሂድ፣ ሁለታችንም እንታይ» ባለች ቁጥር ኢዮብ «እግዚአብሔር ያለው ቀን ይሆናል» ይላትና ጓዳ ገብቶ ክንፍ ይሞርዳል። የሚፈራውን ታውቃለች። የወረዳውን ላም ሁሉ አስረግዞ በገዛ ቤቱ ያልሆነለት የሚል ቀልድ ገበያ ውስጥ ይዞራል፤ ፊት ለፊት የሚነግረው ባይኖርም ኢዮብ ሰምቶታል። ታውቃለች፣ ታዝንለታለችም። ግን ልጅ ትፈልጋለች። የሌላ ሰው ልጅ ቀሚስ ልክ ስትወስድ፣ ትንሿ ትከሻ በእጇ ውስጥ ስትንቀሳቀስ፣ ሜትሩን ይዛ የምትቆይበት ጊዜ አለ።

አንድ ዓርብ፣ ገበያ ሲፈታ፣ ከቆላው በኩል የሚመጡ አያ ዓለምነህ የሚባሉ ገበሬ በሩ ላይ ቆሙ።

«ዶክተር፣ ላሜን ልሸጣት ነው» አሉ። «ከኮርማ ጋር ዋለች አደረች፣ ምንም የለም። መካን ናት።»

«አያ ዓለምነህ፣ እንዴት በላሟ ይፈርዳሉ?» አለ ኢዮብ። ይህን ንግግር በየቀበሌው ስለሚናገረው በቃሉ ነው። «ላም አልይዝ ስትል መጀመሪያ ኮርማው ይታያል። የመንደሩ ኮርማ ቢሆንስ ጥፋቱ? አይሽጧት። ፈለገች ብለው ባሰቡበት ሰዓት ይጥሩኝ፣ እበራለሁ።»

አዲስዓለም ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና ሰማች። መርፌው ጣቷን ወጋት፤ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች።

ወደ አውሮፕላኑ ልመለስ። ኢዮብ ልቡን የሰጠው ለአንዲት ዳኮታ ነበር፤ ባለ ሁለት ሞተር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በድሮ ጊዜ ይበርባት የነበረው ዓይነት። ገጣጥሟታል፣ ነጭ ቀብቷታል፣ ጽሑፍ ግን የላትም። እስከዚያ ቀን የሠራቸው ሁሉ ጽሑፍ አልነበራቸውም፤ የሚገዛቸው ካርቶኖች አሮጌ ስለሆኑ ምልክቶቻቸው ቢጫ ሆነው ገና ሲነኳቸው ይፈረካከሳሉ። ለሌሎቹ ችሎ ኖሯል። ዳኮታዋን ግን ራቁቷን ሊያስቀራት አልፈለገም። ቴሌግራም ላይ ካገኛቸው የአዲስ አበባ ሰብሳቢዎች አንዱን ከመስከረም ጀምሮ ሲለምነው ከርሞ፣ ሰውዬው በመጨረሻ ከውጭ አስመጥቶት የነበረውን አንድ ዲካል ሊለቅለት ተስማማ።

ዲካል ወረቀት ላይ የታተመ ስስ ምልክት ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ከወረቀቱ ይላቀቅና አውሮፕላኑ ላይ ይንሸራተታል፤ ሲደርቅ እዚያው የተጻፈ ይመስላል። በዚህኛው ላይ አንበሳው አለ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ መስመር አለ፣ የአየር መንገዱ ስም አለ፣ የጅራቱ ቁጥር አለ፣ ክንፉ ላይ የሚለጠፈው ትንኝ የሚያክል የእንግሊዝኛ «አትርገጥ» እንኳ አልቀረም።

ፖስታውን ያመጣው ፈሃድ ነው። ከአዲስ አበባ ሸቀጥ የሚያመላልስ የከተማው ነጋዴ ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ኢዮብን ቤት ቢያጣው ለአዲስዓለም ሰጣት።

«እህቴ፣ ሰውዬው አደራ ብሏል። እንዳይታጠፍ፣ እንዳይረጥብ፣ በእጅም እንዳይነካ።»

«ምንድን ነው?»

«ጽሑፍ ነው መሰለኝ። ወደ ፀሐይ ሳደርገው የአንበሳ ሥዕልና ደቃቅ ፊደል ያየሁ መሰለኝ። ግን አልከፈትኩም፣ ወላሂ።»

ኢዮብ ሲመጣ ዋጋውን እንዳትጠይቀው ፈርቶ ፖስታውን ቀማ አድርጓት ጓዳ ገባና በሩን ዘጋ። እዚያው ከፍቶ ቢያሳያት ይህ ሁሉ ነገር አይመጣም ነበር። አዲስዓለም በሩ አጠገብ ቀረች። በስልክ ሲያወራ ሰማችው።

«እሺ... እጄን በሳሙና ታጥቤ... እሺ፣ ውሃ የሚነካው በሰዓቱ ነው... ሚስቴ? ኧረ እሷ አታውቅም!»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። በኛ አገር ጽሑፍ በውሃ የሚታጠበው ለአውሮፕላን አይደለም። ልጅ ላጣች ሴት ቃል ጽፎ፣ ጽሑፉን በውሃ አጥቦ፣ ያንን ውሃ በባዶ ሆዷ የሚያጠጣት ደብተራ አይጠፋም። በሙስሊሙም ወገን እንዲሁ የሚያደርጉ አሉ፤ የጨነቀው ሰው ደግሞ ከሁለቱም ዘንድ ይሄዳል። ነገሩ በስውር ነው፣ እጅ ታጥቦ ነው፣ ጽሑፉም ከሩቅ የመጣ እንደሆነ ይበልጥ ይታመንበታል። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ይህን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። አዲስዓለም ልጅ ሳለች ከተማሪዎቻቸው አንዱ ለመንደር ሴት ጽሑፍ አጥቦ ሲሰጥ ደረሱበትና «ቃል ይነበባል፣ ይዜማል፤ አይጠጣም» ብለው ከጉባኤያቸው አስወጡት። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ሲወጣ አይታለች።

ስለዚህ ጓዳ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ወይም የገባት መሰላት። ሌሊቱን... አይ፣ ሌሊቱን በደንብ ተኛች፤ ውሸት ምን ያደርጋል። የሚገርመው እሱ ነው። መፍራት የነበረባት ሴት ደስ ብሏት ነበር። እግዚአብሔር ያለው ቀን እያለ የሚሸሻት ሰው ለካ በሆዱ ያስብ ኖሯል፣ ለካ ሰው ልኮ ከሩቅ አገር ያስፈልግላት ኖሯል። ሊነግራት ያፈረው ያባቷን ነገር ስለሚያውቅ ነው ብላ ይበልጥ ወደደችው።

በማግሥቱ ጠዋት ኢዮብ እጁን በሳሙና ሁለቴ ታጥቦ ጓዳ ገባ። አዲስዓለም በበሩ ስንጥቅ አየችው። ወረቀቱን በምላጭ እየቆራረጠ ነው። ነጭ ኩባያ ውስጥ አጥልሎ ያቀዘቀዘው ውሃ አለ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው አንድ በአንድ ነው የሚነክረው፤ ኢዮብ ግን ከመስከረም ጀምሮ የጠበቀ ሰው ነውና ሁሉንም አንድ ላይ ጨመረው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የትኛው ከየትኛው ይቀድማል እያለ ነበር ለራሱ፤ እሷ ግን የሚደግም መሰላት።

በዚህ መሐል ከውጭ ጩኸት መጣ።

«ዶክተር! ፈለገች! ላሟ ፈለገች!»

አያ ዓለምነህ ነበሩ። ላብ አጥምቋቸዋል። ላም ስትፈልግ አትጠብቅም፤ ዛሬ ካለፈች የምትመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ኢዮብ አንድ ጊዜ ኩባያውን አየ፣ አንድ ጊዜ በሩን አየ። ከዚያ ታንኩን አንጠልጥሎ ወጣ፣ ሽማግሌውን ከኋላው ጫነ፣ ሞተሩን አስነስቶ ዞረና ጮኸ።

«አዲስዬ! ያንን ውሃ እንዳትደፊው! አደራ!»

እንዳትደፊው። ካልተደፋ ምን ሊሆን ነው? ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ ይንገራት?

ጓዳ ገባች። ኩባያው ውስጥ አንበሳው ከወረቀቱ ተላቅቆ ሽቅብ እያየ ይንሳፈፋል። ባለ ሦስት ቀለሙ መስመር ተጠቅልሏል። ደቃቃው ፊደል እንደ ጤፍ ተበትኗል። አሸተተችው፤ የልብስ ስታርች ይሸታል። ሊቁ የትኛው ይሆን፣ የየት አገር ሰው ይሆን፣ የይሁዳን አንበሳ የሳለው ለምን ይሆን? ብትጠይቅ ደስ ባላት። የሚጠየቅ አልነበረም። ወደ ምሥራቅ ዞረች፣ አማተበች። «አባቴ ይቅር በለኝ» አለች፤ የትኛውን አባቷን እንደሆነ እሷም አላወቀችውም። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው። የወረቀቱን ቁርጥራጭ ከምላሷ ላይ ለቀመች፣ አንበሳውን ዋጠች፣ ኩባያውን አለቅልቃ በአፉ ዘቀዘቀችና ወደ ጥልፏ ተመለሰች።

ኢዮብ የተመለሰው ከቀትር በኋላ ነው። ላሟ በደንብ ስለተቀበለች ደስ ብሎታል። እየዘፈነ እጁን ታጠበ፣ ጓዳ ገባ፣ ዘፈኑ ቆመ።

«አዲስ፣ ውሃውስ?»

«ጠጣሁት» አለች። ከጥልፏ ቀና አላለችም፣ ፊቷ ግን በርቷል።

«ምን አልሽ?»

«አልደፋሁትም። ጠብ ሳላደርግ ጠጣሁት።»

«አንበሳውንም?»

«አንበሳውንም።»

የደንበኛ በርጩማ ላይ ዘጭ አለ። «አውሮፕላኔን ጠጣሽው!» አለ። «ከመስከረም ጀምሮ የለመንኩትን! በአገሩ ሌላ የለም እኮ አዲስ! አንድ ነበር፣ አንድ!» ከዚያ ድንገት ደነገጠ፤ መርዝ ቢሆንስ? አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ ጋ ደወለ። ሰውዬው ሳቅ አላናግር ብሎት ቆየና፣ ሙጫው የስታርች ዓይነት ነው፣ አይጎዳትም፣ ብዙ ውሃ ትጠጣ አለው። ኢዮብ አልሳቀም።

«አውሮፕላን ማለት?» አለች አዲስዓለም።

ዳኮታዋን አመጣላት። ከፖስታው ጋር የመጣውን ሥዕል አሳያት፤ አንበሳው ጅራቷ ላይ፣ መስመሩ ወገቧ ላይ፣ ፊደሎቹ በየቦታቸው። ሥዕሉን አየች። ነጯን አውሮፕላን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ። ኢዮብ ፊቷ በርቶ እንደነበር ያወቀው ሲጠፋ ነው።

«ምን መስሎሽ ነበር?» አላት፣ አሁን ዝግ ብሎ።

ሁሉንም ነገረችው። ፖስታውን፣ ስልኩን፣ እጅ መታጠቡን፣ እንዳትደፊው ማለቱን። «ያባቴን ቃል ጥሼ ጠጣሁ» አለች። «ያውም ደስ እያለኝ። ለኔ አስበህ ያስመጣኸው መስሎኝ።»

ኢዮብ ዳኮታዋን ወደ ጭኑ ሳበ። የጨነቀው ሰው የማይሆነውን ይናገራል። «ከመስከረም ጀምሮ ነበር እኮ የጠበቅኩት» አለ።

«አንተ ወረቀት ከመስከረም ጀምሮ ጠበቅህ» አለች። «እኔስ? ከመቼ ጀምሮ ነው የምጠብቀው?»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ለአያ ዓለምነህ ምን ነበር ያልካቸው? ላሟን ሊሸጡ የመጡ ዕለት።»

ኢዮብ ዳኮታዋን ጭኑ ላይ ይዞ ጎማዋን በጣቱ አዞረ። በየቀበሌው፣ በየበረቱ የሚናገረው ንግግር ነው። በቃሉ ያውቀዋል። ለራሱ ተናግሮት ግን አያውቅም።

«መጀመሪያ ኮርማው ይታያል» አለ በመጨረሻ።

«ታዲያ?» አለችው።

መንገድ ላይ አህያ የሚነዱ ሰዎች እየተጯጯሁ አለፉ። ኢዮብ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። አፍሮ ነበር፣ ፈርቶም ነበር፣ ሁለቱንም አሁን መደበቅ አልቻለም።

«ባሕር ዳር እንሂድ» አለ። «መጀመሪያ እኔ እታያለሁ።»

«መቼ?»

«ባልሽው ቀን።»

«ነገ» አለች አዲስዓለም። ከዚያ አለቀሰች። እሱም አብሯት ሊያለቅስ ትንሽ ቀርቶት ሳለ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ሥዕሉን ከእጁ ወሰደች። ጠባይዋ ነው።

«ቆይ፣ የጠጣሁት ምን ይላል?»

እያሳየ አነበበላት። ይህ የአየር መንገዱ ስም ነው፣ ይህ የአውሮፕላኗ ቁጥር ነው፣ ይህ መውጫ በር ነው።

«ይቺስ? ይቺ ጉንዳን የመሰለችው?»

«ክንፉ ላይ ናት። አትርገጥ ነው የምትለው። እዚያ ጋ ክንፉ ስስ ነው፣ ሠራተኛ ከቆመበት ይሰበራል።»

«ለስስ ቦታ ነው የሚጻፈው?»

«ለስስ ቦታ ነው።»

ሥዕሉን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችና ሳቀች። «ለንስሐ አባቴ ምን እላቸዋለሁ? አባ፣ አውሮፕላን ጠጣሁ ልበላቸው?»

ያኔ ኢዮብም ሳቀ። አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ ያልጨረሰለትን ሳቅ እሱ ጨረሰው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መቃ ፈልጋ አመጣችና አባቷ ብርዕ ሲቀርጹ እንዳየችው አድርጋ ቀረጸችው። ለአባቷ ቀለም ስትወቅጥ ያደገች ናት፣ ጥልፍ ደግሞ እጇን አቅጥኖታል። በኢዮብ ጥቁር ቀለም ነከረችው። «ስሱ ቦታ የቱ ጋ ነው?» አለችው፤ አሳያት። ትንፋሿን ይዛ፣ ወፍራሙን አወፍራ ቀጭኑን አቅጥና፣ በአማርኛ «አትርገጥ» ብላ ጻፈች። ፊደሉ ቁርጥ ያባቷን ፊደል ይመስላል።

«አንበሳውንስ?» አለ ኢዮብ፣ ተስፋ ቢጤ አድሮበት።

«አንበሳው ሆዴ ውስጥ ነው» አለች።

በነጋታው በነፋስ መውጫ፣ በደብረ ታቦር አድርገው ባሕር ዳር ገቡ። ከተማው ሲቃረብ አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያቸው አለፈ። አዲስዓለም ከሚኒባሱ መስኮት አንገቷን አወጣች።

«አትርገጥ የሚለው ከዚህ አይነበብም እንዴ?»

«አይነበብም። ከክንፉ በላይ በኩል ነው።»

«ግን አለ?»

«አለ» አላት።

ለመታየት በገቡበት ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ ልማዱ ሆኖ መጀመሪያ እሷን ሊጠይቃት ወረቀቱን ሳበ። አዲስዓለም ወደ ባሏ ጠቆመች። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ነርስ ኮሪደር ውስጥ ለኢዮብ ስሙ የተጻፈበት፣ ክዳን ያለው ትንሽ ነጭ ኩባያ ሰጠችውና ጥግ ላይ ያለውን በር አሳየችው። «እዚያ ገብተህ ናሙናውን ይዘህ ና» አለችው፣ ምንም ሳይመስላት።

ኢዮብ የስንቱን አገር ኮርማ ዘር ሳያፍር የያዘ ሰው ነው። አሁን ኩባያውን የሚያስገባበት ኪስ ፈለገ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሚያየው መሰለው። ብድግ አለ፤ ተቀመጠ። በሩን አየ፤ ኩባያውን አየ፤ ባዶ ነው፣ ነጭ ነው።

አዲስዓለም ጥልፏን ይዛ መጥታ ነበር። ቀና ብላ አየችው። ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ኢዮብ» አለችው። «እንዳትደፋው። አደራ።»